ከመቶ 51 ያገኘው የምትሐተኞች ፊልም
ስለ ሂስ፣ ስለ ሐያስያንና ስለ ተመልካች

ባለፈው የትምህርት ዘመን በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ ሴራና ስለ ንግር ለመወያየት ይረዳን ዘንድ አንድ የአሜሪካ ፊልም መርጠን ነበር። ፊልሙ «ናው ዩ ሲ ሚ» ይባላል፤ «አሁን ታዩኛላችሁ» እንደ ማለት ነው። ገና ሳይጀመር አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ይህ እኮ ሐያስያን ከመቶ 51 የሰጡት ፊልም ነው። ለጥቂት ያለፈ ተማሪ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ጠፍቶ ነው?» አለን። ከኋላ የተቀመጠች ሠልጣኝ ደግሞ፣ «እኔ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በጣም ደስ ይላል» ስትል ተቃወመችው። «ደስ ያሰኘሽ ምኑ ነው?» ብለን ብንጠይቃት «እንዲሁ ደስ ይላል» ከማለት በስተቀር የምትጨምረው አልነበራትም። ወጣቱንም «ሐያስያኑ የነቀፉት ስለ ምንድን ነው?» ብንለው ከቁጥሩ በቀር የሚያውቀው ነገር አልተገኘም።

ክርክሩ አጭር ቢሆንም እኛን ብዙ አሳሰበን። ሁለቱም በቅርቡ ክፍል ውስጥ ገብተው ልጆች የሚያስተምሩ ናቸው። አንደኛው የያዘው ሰው የሰጠውን ቁጥር ነው፤ ሁለተኛዋ የያዘችው የራሷን ስሜት ነው፤ ምክንያት የያዘ ግን ከሁለቱ አንድም የለም። ሂስ የሚባለው ነገር ደግሞ ያለ ምክንያት አይቆምም። ስለዚህ ይህ ፊልም ከሐያስያንና ከተመልካች የገጠመውን የተለያየ አቀባበል መነሻ አድርገን፣ በዚህ ጉዳይ ያለንን አሳብ ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተማሪዎች ለማካፈል ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙን ያላዩ አንባብያንም ምሥጢሩን ሳንገልጥ ሂስ ማቅረብ እንደማይቻለን ከወዲሁ እንዲያውቁልን እንጠይቃለን።

የፊልሙ ታሪክ ባጭሩ

ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በግንቦት ወር 2013 መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ አዘጋጁ ፈረንሳዊው ሉዊ ሌተሪዬ ነው። አራት ምትሐተኞች አሉ። ምትሐት ስንል በእጅ ቅልጥፍናና ዓይንን በማዘናጋት የሚሠራውን የመድረክ ትርኢት ማለታችን እንጂ ጥንቆላን ማለታችን አይደለም። ጄሲ አይዘንበርግ፣ ዉዲ ሃረልሰን፣ አይላ ፊሸርና ዴቭ ፍራንኮ የሚጫወቷቸው እነዚህ አራት ሰዎች ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ጥሪ ይደርሳቸውና «አራቱ ፈረሰኞች» በሚል ስም አንድ ቡድን ይሆናሉ። ስሙ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 የተወሰደ መሆኑን ብዙ አንባብያን ይገነዘቡታል።

ፈረሰኞቹ በላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ሆነው ከተመልካች መካከል አንድ ፈረንሳዊ ይመርጡና በፓሪስ ወደሚገኘው የገዛ ባንኩ ካዝና «ይልኩታል»፤ ወዲያውም የባንኩ ገንዘብ በአዳራሹ ውስጥ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ቀጥሎ በኒው ኦርሊንስ የገዛ ደጋፊያቸውን የኢንሹራንስ ባለጸጋ አርተር ትሬስለርን (ማይክል ኬይን) 140 ሚሊዮን ያህል ዶላር ይነጥቁና፣ ከካትሪና ማዕበል በኋላ ካሣ ለተከለከሉት ተመልካቾች ያከፋፍላሉ። ሦስተኛው ትርኢት በኒው ዮርክ ይፈጸማል። የፌዴራሉ መርማሪ ዲላን ሮድስ (ማርክ ረፈሎ) ከኢንተርፖል ከመጣች ፈረንሳዊት ባልደረባው ጋር ሆኖ ያሳድዳቸዋል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ታዴየስ ብራድሊ (ሞርገን ፍሪማን) የሚባል የቀድሞ ምትሐተኛም የሌሎችን ምሥጢር በማጋለጥ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው።

በመጨረሻ እንደሚገለጠው የሁሉ ነገር ጠንሳሽ አሳዳጁ ሮድስ ራሱ ነው። አባቱ ምትሐተኛ ነበር፤ ብራድሊ ካዋረደው በኋላ ስሙን ለማደስ ሲል በካዝና ውስጥ ተቆልፎ ወንዝ ውስጥ ገባና ሳይወጣ ቀረ። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የካዝናው ፋብሪካና ብራድሊ ሁሉም የተመቱት ለዚያ ሞት በቀል ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፊልሙ 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የሐያስያንን ጽሑፎች እየሰበሰበ የሚቆጥረው «ሮተን ቶሜቶስ» ከመቶ 51 ያህል ሲያስመዘግብለት፣ ተመልካችን ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚጠይቀው «ሲኒማስኮር» የተባለ ድርጅት ግን «ኤ ማይነስ» የሚል ከፍ ያለ ማዕረግ ሰጠው። በ2016 የወጣው ተከታዩ ክፍል በሐያስያን ዘንድ ከመቶ 34 ያህል ብቻ አገኘ፤ ሆኖም ገቢው ከ330 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በ2025 ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ወጣ። እንግዲህ ሐያሲውና ተመልካቹ በአንድ ፊልም ላይ ሁለት የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል ማለት ነው። ስሕተቱ የማን ነው?

ከዚህ በፊት ቁጥሩን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል። ሠልጣኛችን 51ን እንደ ፈተና ውጤት አነበበው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ ከመቶ ሐያስያን ስንቱ «ደኅና ነው» እንዳሉ ብቻ ይነግረናል እንጂ፣ ፊልሙ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይነግረንም። በምሳሌ እናስረዳ። አንድን ድርሰት አሥር መምህራን አርመው እያንዳንዳቸው ከአሥር 6 ቢሰጡትና «ደኅና ነው» ቢሉ፣ በዚህ አቆጣጠር ድርሰቱ መቶ ከመቶ ያገኛል። ሌላውን ድርሰት አምስቱ 9፣ አምስቱ ደግሞ 5 ሰጥተው «አይበቃም» ቢሉት 50 ከመቶ ያገኛል። አማካዩን ስናወጣ ግን ሁለተኛው 7 ሲሆን የፊተኛው 6 ነው። «ግማሽ» የተባለው ከ«ሙሉው» በለጠ ማለት ነው። በየቀኑ ውጤት የምንመዘግብ እኛ መምህራን ይህን ልዩነት ለተማሪ ማስረዳት ባይሆንልን ያሳፍረናል።

የተመልካቹ «ኤ ማይነስ»ም የራሱ ገደብ አለው። የሚጠየቁት ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት የገቡት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ማስታወቂያውን አይተው፣ ወድደውና ከፍለው የገቡ ናቸው። ገና ከበር ሲወጡ የሚሰጡት መልስ «የጠበቅሁትን አገኘሁ» የሚል እንጂ፣ «ካደረ በኋላም ያስበኛል» የሚል አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የተጣሉ መስለው ቢታዩም የመለሱት ለሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄ ነው። አንዱ «አስደሰተ ወይ?» ሲል፣ ሌላው «ሲመረምሩት ይጸናል ወይ?» ይላል።

ሐያስያኑ ምን ነቀፉ?

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከቁጥሩ አልፈን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ነቀፌታው በብዙው ሦስት ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሳስተዋል፤ ሴራው ተበታትኗል፤ ምትሐቱም የኮምፒዩተር ሥራ ነው።

በፊተኛው ላይ ብዙ መከራከር አይቻልም። አራቱ ፈረሰኞች በፊልሙ መግቢያ ላይ እያንዳንዳቸው ባንድ ትርኢት ይተዋወቁናል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚፈልጉ፣ ምን እንደሚፈሩ፣ ስለ ምን ለማያውቁት ሰው ሕይወታቸውን አሳልፈው እንደሚሰጡ አንማርም። ቀልደኞችና ፈጣኖች ናቸው፤ ያም ሆኖ ፊልሙ ሲያልቅ ከስማቸው ይልቅ ሥራቸው ነው የሚታወሰን።

ምትሐቱ የኮምፒዩተር ነው የሚለው ነቀፌታ ጠለቅ ያለ ነው። ሲኒማና ምትሐት የቆየ ዝምድና አላቸው። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ የምትሐት ቴአትር ባለቤት ነበር። በ1895 መጨረሻ የሉሚዬር ወንድማማቾችን ትርኢት ካየ በኋላ እርሱም ፊልም ማንሣት ጀመረ። ራሱ እንደ ተረከው አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲያነሣ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ቆመበት፤ ፊልሙን ሲያየው የሕዝብ ማመላለሻው ሠረገላ በድንገት ወደ አስከሬን ሠረገላ ተለውጦ አገኘው። በ1896 በሠራው አጭር ፊልም አንዲት ሴት ከወንበር ላይ እንድትሰወር አድርጓል። መድረክ ላይ ቢሆን ከወንበሩ ሥር የተሸሸገ በር ያስፈልገው ነበር፤ በፊልም ግን መሣሪያውን አቁሞ ሴትዮዋን «ውጪ» ማለት በቃው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመድረክ ምትሐተኛ የሚያስደንቀን ከፊታችን ቆሞ፣ ዓይናችን እያየ፣ ምንም ቆርጦ ሳይቀጥል በመሥራቱ ነው። በፊልም ግን ሁሉ ነገር ይቻላል፤ ሁሉ የሚቻልበት ቦታ ደግሞ አስደናቂ ነገር የለም። ሴቲቱ ፈረሰኛ በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆና ከሕዝቡ ራስ በላይ ስትንሳፈፍ እናያለን፤ ያማረ ሥዕል ነው፤ «እንዴት ሠራችው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም፤ መልሱ ይታወቃልና።

ሆኖም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም መናገር አለብን። ዴቪድ ኩዎንግ የሚባል ምትሐተኛ ለፊልሙ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። የመጀመሪያው ትርኢትም ያለ ኮምፒዩተር እርዳታ በእኛ በተመልካቾቹ ላይ የሚሠራ እውነተኛ ምትሐት ነው። አይዘንበርግ ካርታዎቹን በፍጥነት እያገላበጠ አንዲት ሴት አንዱን ካርታ በልቧ እንድትይዝ ይነግራታል። የተያዘው ካርታ ዳይመንድ ሰባት ኖሮ በቺካጎ ትልቅ ፎቅ ላይ በመብራት ተጽፎ ይታያል። ፊልሙን ያየ ብዙ ሰው እርሱም በልቡ ያንኑ ካርታ ይዞ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ካርታዎች ሲበሩ ያ አንዱ ከሌሎቹ ለአፍታ ዘግየት ብሎ ይታያል። በነፃ መረጥሁ ያለው ሰው ተመርጦለታል። ክፍላችን ውስጥም ይህ በሆነ ጊዜ የጩኸቱን ብዛት አንረሳውም። ፊልሙ በሙሉ በዚህ መንገድ ቢሄድ ኖሮ የሐያስያኑ ቁጥር ሌላ በሆነ ነበር ብለን እናምናለን።

ስለ ሴራ

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፌታ የሴራው ነው። በአማርኛችን ሴራ ሁለት ፍቺ አለው፤ ተንኮልም ነው፣ የታሪክ አወቃቀርም ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ የሮድስ ሴራ ሲሳካ የደራሲዎቹ ሴራ ላላ ብንል አንሳሳትም።

እንቆቅልሽ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሕጉን ያውቃል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ካቃተው አገር ይሰጣል፤ ከዚያ መልሱ ይነገረዋል። መልሱን ሲሰማ «እውነትም!» ማለት አለበት። መልሱ ከጥያቄው ጋር ካልገጠመ ግን አገሩን አይለቅም፤ «ይህማ አይሆንም» ብሎ ይጣላል። ልብ ሰቀላ ያለበት ታሪክም ሕጉ ይኸው ነው። መጨረሻው ሳይጠበቅ መምጣት አለበት፤ ከመጣ በኋላ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ እንደነበረ ሊታየን ይገባል። ንግር የሚባለው ይህ ነው።

ፊልሙ ንግር ጨርሶ የለውም ማለት አይቻልም፤ ወንዝ ውስጥ የቀረው ምትሐተኛ ታሪክ ቀደም ብሎ ይነሣል። ሆኖም ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን የሮድስን ሁኔታ ስናጤን አንድ ጥያቄ ያስቸግረናል። በባልደረቦቹ ፊት ቢቆጣና ቢደናገር «እነርሱን እያታለለ ነው» እንላለን። ነገር ግን ካሜራው ፊቱን ብቻ ለይቶ ሲያሳየን፣ ማንም ሳያየው ግራ ሲጋባ፣ የሚያታልለው ማንን ነው? እኛን ብቻ። የታሪኩ ሰው ለታሪኩ ሳይሆን ለሲኒማ አዳራሹ ተወነ ማለት ነው። መልሱ ከእንቆቅልሹ ጋር ያልገጠመው እዚህ ላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል በ2006 የወጣውን የክሪስቶፈር ኖላንን «ዘ ፕሬስቲጅ» ማንሣት ይበቃል፤ እርሱም ስለ ምትሐተኞች ነው፤ ማይክል ኬይንም ይገኝበታል። በዚያ ፊልም ገና በጊዜ አንዲት ወፍ ከነጎጆዋ ስትሰወር አንድ ሕፃን ያያል። ምትሐተኛው ሌላ ወፍ ቢያሳየውም ሕፃኑ አልተታለለም፤ ስለ ወንድሟ ይጠይቃል። የፊልሙ ምሥጢር በሙሉ በዚያ ሕፃን አፍ ተነግሮናል፤ እኛ ግን አልሰማንም። ፊልሙ ሲያልቅ የምናፍረው በራሳችን ነው እንጂ በደራሲው አንናደድም። በ«ናው ዩ ሲ ሚ» የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው።

ተመልካቹ የወደደውስ?

እንግዲህ ሐያስያኑ ትክክል ከሆኑ ተመልካቹ ተታሏል ማለት ነውን? እንዲህ ብለን አንፈርድም። ተመልካቹ ያየውን አይቷል። ፊልሙ በወጣ ጊዜ የ2008ቱ የባንኮች ቀውስ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። በ2005 የካትሪና ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲያጠፋ ብዙ ባለ ቤቶች የኢንሹራንስ ካሣ ሲጠይቁ፣ «ቤታችሁን ያፈረሰው ጎርፍ እንጂ ነፋስ አይደለም፤ ውላችን ጎርፍን አይሸፍንም» የሚል መልስ እንደ ተሰጣቸው የታወቀ ነው። በፊልሙ ውስጥ እነዚያ ሰዎች የሒሳብ ወረቀታቸውን ይዘው ቁጥሩ ሲያድግ ሲያዩ፣ አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለእጅ ቅልጥፍና ብቻ አይደለም። የቆየ ቂም አለበት።

የእኛ ዋና ነቀፌታ ግን ከዚሁ ይነሣል፤ ሐያስያኑም ብዙ ያልቆሙበት ይመስለናል። ፊልሙ ይህን እውነተኛ በደል ካሳየን በኋላ ይተወዋል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ የአንድ ልጅ የአባት ደም ሆኖ ተገኘ። የኒው ኦርሊንስ ሰዎች ዳግመኛ አልተነሡም። ምትሐተኛ በአንድ እጁ ዓይናችንን ስቦ በሌላው ሥራውን እንደሚሠራ፣ ፊልሙም የእነዚያን ሰዎች መከራ ዓይን መሳቢያ አደረገው። ከላላው ሴራ ይልቅ ይህ ያሳዝናል።

ሌላም አለ። ብራድሊን እናስብ። ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ትርኢት አይቶ እንዴት እንደተሠራ ለሕዝብ መግለጥ ነው። የፓሪሱ ባንክ ዝርፊያ እንዴት እንደተፈጸመ የሚያስረዳን እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ ፊልሙ አይገባንም። በሌላ አነጋገር ሐያሲ ነው። ፊልሙ ግን ስግብግብና ትዕቢተኛ አድርጎ ሥሎት፣ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ከትቶት ያበቃል። በርግጥ ሰውየው ለገንዘብ ሲል የሌላውን እንጀራ ያጠፋ ነው፤ የአንድ ሰው ሞትም በእጁ አለበት። ያም ቢሆን «እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ታስሮ፣ «ዝም ብለህ ተደነቅ» የሚለው ሲያሸንፍ፣ መምህር የሆነ ተመልካች ከወንበሩ ላይ ትንሽ መቁነጥነጡ አይቀርም።

በክፍል ውስጥ

ከዚህ በኋላ በክፍላችን ያደረግነው እንዲህ ነበር። ሠልጣኞቹ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አዩት። በመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ጊዜ ወረቀታቸውን በሁለት ረድፍ ከፍለው፣ ባንዱ ረድፍ ሮድስን የሚጠቁም ንግር ሁሉ፣ በሌላው ከመጨረሻው ጋር የማይገጥም ነገር ሁሉ እንዲጽፉ አደረግን። ከዚያም የአንድ ገጽ ሂስ ጻፉ። ሦስት ነገር ብቻ ከልክለናል፤ «ደስ ይላል»፣ «አይረባም» እና ማንኛውንም ከመቶ የሚሰጥ ቁጥር።

ፊልም ማሳያ የሌለው ትምህርት ቤት ይህንኑ በአጭር ልብ ወለድ ወይም በእንቆቅልሽ ሊሠራው ይችላል። ተማሪው አንድ እንቆቅልሽ ይፍጠር፤ ጓደኞቹ መልሱን ሲሰሙ «እውነትም» ካሉ ንግሩ በቅቷል፤ ካልተቀበሉት የቱ ላይ እንዳልገጠመ እነርሱው ይንገሩት። ይህ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪም አይከብድም።

ያ ወጣት ሠልጣኝ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አልወደደውም። በወረቀቱ ላይ ግን ቁጥር አልነበረም፤ ሮድስ ለማን እንደሚተውን የማይታወቅባቸውን ሁለት ትዕይንቶች ለይቶ አውጥቶ ነበር። ሴቲቱም ለአራተኛና ለአምስተኛ ጊዜ አይታው አሁንም ትወደዋለች። የምትወደው የትኛውን እንደሆነ ግን ጻፈች፤ የኒው ኦርሊንስ ሰዎች ወረቀታቸውን እያዩ የሚያለቅሱበትን። ከሥሩም እንዲህ የሚል ጥያቄ ጨምራበት ነበር፤ «ገንዘቡን ፖሊስ ተመልሶ ወሰደባቸው ወይስ ቀረላቸው? ፊልሙ ለምን አይነግረንም?» እኛም መልስ ስላልነበረን ጥያቄዋን በሰሌዳው ላይ ጽፈን ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አቆየነው።